በድሬዳዋ ጥላ ሥር፦ በየወቅቱ ዛፍና ወፍ እያዩ የመራመድ መመሪያ

የድሬዳዋ ሙቀት ብዙ ስለሚወራ፣ ተፈጥሮ ማየት ያማረው ሰው ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የሚያስበው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐሮማያ፣ ከዚያም ሐረር። ደጋው መልካም ነው። ግን ድሬ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጀርባዋ ደጋ፣ ከፊቷ እስከ ሱማሌና አፋር የሚዘልቅ ቆላ አለ። የሁለቱም ወፍ እዚህ ይገናኛል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ በከዚራ ሰፈር መንገዶች ዳርና በየግቢው የተተከሉት ዛፎች ደግሞ ለሰው ጥላ፣ ለወፍ ቤትና ማዕድ ሆነዋል።

ይህን የምጽፈው መኪና ለሌለው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ለሚተርፈው ሰው ነው። የማምንበት ነገር አንድ ነው፦ አንድ አጭር መንገድ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ የሄደ ሰው፣ አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከሄደው የበለጠ ያያል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

1. አንድ መንገድ ምረጡ፣ አትቀይሩትም

ከቤታችሁ በእግር የሚደረስ፣ ዛፍ ያለው፣ ቀስ ብለው ሲሄዱበት ከአርባ ደቂቃ የማይበልጥ መንገድ ፈልጉ። ከዚራ አካባቢ ለሚኖር ነገሩ ቀላል ነው። ከባቡር ጣቢያው አደባባይ ተነስታችሁ ትልልቅ ዛፍ ባላቸው መንገዶች እየተጠማዘዛችሁ እስከ ደረቁ ወንዝ፣ እስከ ደቻቱ ዳር መድረስ ትችላላችሁ። ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ ወይም መልካ ጀብዱ የምትኖሩ ደግሞ የትምህርት ቤት አጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአትክልት ማሳ ዳር ተመልከቱ። የአምልኮ ግቢዎችና መቃብሮች ዛፋቸው ቶሎ ስለማይቆረጥ ከፓርክ የማይተናነሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ብቻ ከመግባታችሁ በፊት ዘበኛውን ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ስለ ምን እንደመጣችሁ ንገሩት። በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ እዚያ ላይ አንድ ትልቅ አሞራ ነበር» እያለ የሚጠብቃችሁ እሱ ይሆናል።

መንገዱን ከመረጣችሁ በኋላ በመንገዱ ላይ አንድ ዛፍ ምረጡ። እኔ ብጠየቅ የድሬዳዋ ዛፍን ነው የምመርጠው፤ ያንን ቀይ አበባ የሚያፈነዳውን። ከማዳጋስካር የመጣ ዛፍ ነው፤ ግን ከተማው ስሙን እስኪሰጠው ድረስ ወርሶታል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ረጃጅም ጥቁር ቆባዎቹ በነፋስ ሲንሿሹ ይከርማል፤ ሙቀቱ ሲብስ ያብባል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይመለሳል። በየጊዜው ከዚያው ቦታ ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዓመቱ ሲሞላ ፎቶዎቹን ደርድሩ፤ ወቅት እንዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

2. ሰዓቱን አክብሩ

ድሬ ውስጥ ከመንገዱም በላይ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ። በነዚህ ሰዓቶች ወፉ ይመገባል፣ ይዘምራል፣ ይጣላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ የዕረፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰዉ በርጫው ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ወፉም ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በቀትር ወጥቶ «ምንም የለም» ብሎ የተመለሰ ሰው ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ የወጣው ሁሉም በተደበቀበት ሰዓት ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ግን አትውጡ። በከተማው ዳርና በደረቅ ወንዙ ውስጥ ጅብ እስኪነጋ ይዞራል። የሰው ፊት መለየት ሲቻል ብትነሱ በቂ ነው። ብቻችሁን ከመሄድ ሁለት ሦስት መሆን ይሻላል፤ በተለይ ሴቶች፣ በተለይ ወደ ወንዙ የምትወርዱ።

3. ጥቂት ነገር ያዙ

ውሃ ዋናው ነው፤ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ለአንድ ሰው። ሰፊ ኮፍያ ወይም ሻርፕ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ። ሸበጥ አድርጋችሁ አትውጡ፤ የግራርና ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ እሾህ ስስ ሶል በስቶ ያልፋል። ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ባይነኩላር ካላችሁ ግሩም፤ ከሌላችሁም ወፉ ሩቅ ስላልሆነ አትቸገሩም። ባይነኩላርና ካሜራ የያዘ ሰው ግን በባቡር ጣቢያው፣ በቤተ መንግሥቱ፣ በአየር ማረፊያውና በወታደር ካምፕ አካባቢ ወደ አጥሩ አያነጣጥርም። ይህን ሳይነገራችሁ እወቁት።

4. መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዚያ ስሙ፣ ከዚያ እዩ

መራመድ የተባለው ነገር ግማሹ መቆም ነው። አንድ ጥላ ሥር ስትደርሱ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ የቅጠል መነቃነቅ፤ ወፉ መጨረሻ ላይ ነው። ያያችሁትን ወፍ ስሙን ባታውቁም አራት ነገር ያዙ፦ መጠኑ (ከዋኔ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?)፣ ምንቃሩ፣ ጭራው፣ የሚሠራው ሥራ። ቀለም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ጠዋት ብርሃን ከወፉ ኋላ ሲሆን ሁሉም ጥቁር ይመስላል።

መነሻ እንዲሆናችሁ፣ በየመንገዱ የምታገኟቸውን ልንገራችሁ።

ጭራው እንደ መቀስ ጫፍ ሰንጠቅ ያለው፣ ምንቃሩ ቢጫ፣ ሰማይ ላይ ጭራውን እያጠማዘዘ የሚንሳፈፈው ቡናማ ወፍ ጭልፊት ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ ቀና ብትሉ አታጡትም። ሥጋ ወይም ዳቦ በእጁ ይዞ የሚሄድ ሕፃን ካለ ንጥቂያውን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ምግብ በከረጢት ይያዝ።

ጀርባው በፀሐይ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ደረቱን ነጭ መቀነት የታጠቀ፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ቡና ቤት ጠረጴዛ ሥር ፍርፋሪ የሚለቅመው ደግሞ የድሬ ጌጥ ነው። ቱሪስት ለዚህ ወፍ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እኛ ማኪያቶ ይዘን እንረግጠው ይሆናል እንጂ አናየውም። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ በደንብ እዩት።

ስድስትና ሰባት ሆነው እየተከታተሉ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ የሚበሩ፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፣ ግራጫማ ወፎች ታያላችሁ። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ቅጠልና ፍሬ ይበላሉ፣ ስለዚህ ጓሮ ያለው ሰው አይወዳቸውም።

ቡገንቪሊያና እሬት አጠገብ የምትርገበገብ፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ምንቃሯ እንደ ወስፌ የቀጠነና የጎበጠ ወፍ የአበባ ማር የምትቀዳው ናት። ወንዱ በፀሐይ እንደ ብረት ያብረቀርቃል።

ሽንጣም ምንቃር ያለው፣ ምንቃሩ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ወደ ታች የጎበጠ፣ ሲበር አንዴ ክንፉን መትቶ አንዴ የሚንሸራተት ወፍ ከከተማው ዳር ግራር ባለበት ይገኛል። እሱን ክረምት ላይ እንመለስበታለን።

ጥንብ አንሳውን አትናቁት። ቡናማ፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ፊቱ ራቁቱን የሆነና ሐምራዊ መልክ ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ በየቄራውና በየቆሻሻው ገንዳ ስለሚታይ የማያልቅ ይመስለናል። በዓለም ደረጃ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ገብቷል። ዋናው ገዳዩ መርዝ ነው፤ ለውሻና ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረገው መርዝ እሱንም ይጨርሰዋል። በሰፈራችሁ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይህን ንገሩት፤ ሬሳውን በነፃ የሚያነሳለት እሱ ነው።

5. በየወቅቱ ምን እንደምትጠብቁ

የድሬ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። አንዱ በልግ፣ ሚያዝያ አካባቢ የሚበረታ፤ ሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ የሚከብድ። ተፈጥሮው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በነዚህ ሁለቱ ነው።

መስከረምና ጥቅምት። ከእንግዶች ጋር የምትገናኙበት ጊዜ ነው። አውሮፓና እስያ ሲበርድ ወፎቻቸው ወደ እኛ ይወርዳሉ። ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዘች በሣርና በውሃ ዳር የምትሮጠው ቢጫ ደረት ወፍ፣ በመንጋ ከሰማይ እየተንቆረቆሩ የሚያልፉት ባለ ብዙ ቀለም ንብ በሎች፣ ሽቦ ላይ የሚደረደሩት ባለ ሹካ ጭራዎች ከነሱ መካከል ናቸው። በተለይ ግን ሰማዩን እዩ። ትልልቅ ንስሮች ባሕር ላይ መብረር አይሆንላቸውም፤ የሚያነሳቸው ከየብስ የሚወጣው ትኩስ አየር ስለሆነ ባሕሩ የሚጠብበትን ይፈልጋሉ። ከአረቢያ ወደ አፍሪካ ያ ጠባብ ቦታ ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ይገባሉ። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ መሬቱ ሲሞቅ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ጣሪያ ላይ ወይም ገላጣ ቦታ ላይ ቆማችሁ ወደ ተራራው በኩል ብትመለከቱ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ሽቅብ የሚወጡ ንስሮች ልታዩ ትችላላችሁ። ከጠዋት መራመጃ ሰዓት የምወጣው ለዚህ ብቻ ነው።

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ለመራመድ ከዓመቱ የተሻለው ጊዜ። ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ቅጠል የረገፈባቸው ዛፎች ያለፈውን ክረምት ጎጆ ሁሉ ያሳያሉ፤ ስንት ጥንድ በመንገዳችሁ እንደኖረ አሁን ይቆጠራል። ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያለው ጥንብ አንሳ ካያችሁ ደግሞ ልብ በሉት። አገራችን ውስጥ የሚኖር አለ፤ ከቡልጋሪያና ከአካባቢዋ ሳተላይት መከታተያ ተደርጎበት ተነስቶ ኢትዮጵያ ቆላ ውስጥ ሲከርም የተገኘም አለ። እሱም በዓለም ደረጃ እየጠፋ ያለ ነው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። እንግዶቹ ለመንገድ ሲሰባሰቡ ታያላችሁ፤ አንድ ቀን ሽቦው ሞልቶ በማግሥቱ ባዶ ይሆናል። ከከተማው ወጣ ባለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ግንዱ ያበጠ፣ ቅጠል ሳይኖረው ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ይገኛል። ዕዩት እንጂ አትስበሩት፤ ፈሳሹ መርዝ ነው። በበልግ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ደግሞ ምንም ሥራ ቢኖራችሁ ለአንድ ሰዓት ውጡ። አሸን ከመሬት ይፈላል። ክንፍ ያወጣው ምስጥ ሲነሳ ጭልፊቱ፣ ዋኔው፣ እንሽላሊቱ፣ ዶሮው ሁሉ ለአንድ ማዕድ ይሰበሰባል፤ በሌላ ቀን ተጠጋግተው የማታዩዋቸውን ወፎች በአንድ ግቢ ታገኛላችሁ። ክንፎቹ ረግፈው በሩ ሥር ሲከመሩ ከመጥረጋችሁ በፊት ልጆቹን ጥሩና አሳዩአቸው።

ግንቦትና ሰኔ። ሙቀቱ የሚከፋበት፣ የድሬዳዋ ዛፍ ግን የሚነግሥበት ጊዜ። ከአንዳንዱ መንገድ ሰማዩ እስኪጠፋ ይቀላል፣ መሬቱም ቀይ ምንጣፍ ይለብሳል። መንገዳችሁን አሳጥሩና በ1 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። በዚህ ወቅት ለወፍ ማድረግ የምትችሉት ትልቁ ነገር ውሃ ነው። ጥልቀቱ ሁለት ጣት የማይበልጥ ሰሃን፣ መሐሉ ላይ አንድ ድንጋይ ተደርጎ፣ ድመት በማይደርስበት ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ፍለጋ ስትሄዱላቸው የኖራችሁት ወፎች እቤታችሁ ይመጡላችኋል። ግን ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ሰሃኑም ይታጠብ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳትን፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያን አይታለች፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቀን የምትነክሰው ትንኝ ናት፣ የምትፈለፈለውም እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ዕንቁላሏ አድጎ ለመብረር ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ፣ በየቀኑ የሚቀየር ውሃ ለወፍ ጸጋ ነው፣ ለትንኝ ግን ቦታ የለውም።

ሐምሌና ነሐሴ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች አረንጓዴ ሣር እየሰነጠቁ ከቅርንጫፍ ጫፍ ጎጆ ያንጠለጥላሉ። የሚሠራው ወንዱ ነው። ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች፣ ሣሩ ሲደርቅና ሲቢጥም ወንዱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። አንድ ዛፍ ሥር ቁሙና አንዱን ጎጆ ከጅምሩ እስከ መጨረሻ በየሁለት ቀኑ ተከታተሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ዛፍ ሊቆርጥ የመጣ ሰው ካለ ዝም ብላችሁ አታልፉም። ያ ባለ ቀይ ምንቃር ወፍም አሁን ነው የሚገርመው። ሴቷ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃና በኩስ ትደፍነዋለች፣ ምንቃር የምታሾልክበት ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፤ ወንዱ ከውጭ እየተመላለሰ ይመግባታል፣ በኋላም ጫጩቶቹን። የደረቀና የተቦረቦረ ግንድ ለዚህ ወፍ ቤት ነውና «ማገዶ ነው» ብላችሁ አታስቆርጡት። በዚሁ ወቅት እስስት አጥር ላይ፣ ኤሊ መንገድ ዳር ታገኛላችሁ። ኤሊ አስፋልት ስታቋርጥ ካገኛችኋት ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት፤ ወደ ቤት አትውሰዷት። የቁልቋል ፍሬ በየመንገዱ ተልጦ የሚሸጠውም አሁን ነው።

6. ደቻቱን ማንበብ፣ ደቻቱን መፍራት

ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ቆሻሻ ከሚጣልበት ከመሐል ከተማው ከፍ ብላችሁ ስትወጡ፣ ያ አሸዋ በየሌሊቱ የሚጻፍበት ሰሌዳ ይሆናል። ጠዋት ሰውና ግመል ሳይረግጠው ድረሱ። ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትመታ ዱካው ጥላ ስለሚይዝ ጎልቶ ይወጣል። የዋኔ ሦስት ጣት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ፤ የእንሽላሊት ጭራ መስመር በእግሮቿ መሐል፤ የጢንዚዛ ስፌት የመሰለ ጉዞ። ውሻና ጅብ ሁለቱም አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ይተዋሉ፤ የጅብ ግን ከፍ ያለ ነው፣ የፊት እግሩም ከኋላው በግልጽ ይሰፋል። ድመት ጥፍሯን ስለምትሰበስብ የጥፍር ምልክት የለም። ነጭ ኖራ የሚመስል ደረቅ ኩስ ካገኛችሁ የጅብ ነው፤ አጥንት ስለሚፈጭ ነው የሚነጣው። በአፈሩ ግድግዳ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ርቃችሁ ተቀመጡና ጠብቁ፤ ንብ በሎች እንዲህ ባለ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚፈለፍሉት።

አሁን ደግሞ ፍርሃቱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ በአብዛኛው የወረደው ላይ ደጋው ላይ ነበር። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፣ ሆኖም ጥሩ ጠዋት ሲሆን ይረሳል። ስለዚህ ደንቡ ይኸውላችሁ፦ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ውስጥ አትውረዱ፤ ዳር ዳሩን ሂዱ። በሌላውም ወር ቢሆን ተራራው በኩል ጠቁሮ ካያችሁት፣ ከአናታችሁ በላይ ፀሐይ ቢሆንም፣ ወደ አሸዋው አትግቡ። ውስጥ ሳላችሁ ከላይ በኩል የሚጎርፍ ድምፅ ከሰማችሁ ዕቃችሁን ትታችሁ በአቅራቢያው ያለውን ዳር ውጡ፤ በወንዙ ርዝመት አትሩጡ።

7. የማይነካውን እወቁ

ከዝናብ በኋላ ባዶ ቦታውን ሁሉ የሚሸፍነው፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለው አረም ፓርቲኒየም ነው፤ ወደ አገራችን መጀመሪያ ከገባባቸው ቦታዎች ድሬዳዋና ሐረርጌ ይገኙበታል። ቆዳን ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፤ ረጅም ሱሪ ለብሳችሁ እለፉት፣ ለእንስሳ ብላችሁም አትንቀሉ። በአሸዋው ዳር የሚበቅለው ወፍራም ቅጠሉ ጦቢያው ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። ድንጋይ ሳታዩ አትገልብጡ፣ ሳታዩ አትቀመጡ፤ ጊንጥና እፉኝት እንደኛው ጥላ ይፈልጋሉ።

8. ልጆችን ይዛችሁ ውጡ

የሰፈር ልጅ ላስቲክ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲያሳድድ ካገኛችሁት መቆጣት አይሠራም፤ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይመታል። ባይነኩላሩን ስጡት። ያ ጭራ ረጅሙ ወፍ ዓይኑ ሲያንጸባርቅ በቅርብ ያየ ልጅ ብዙ ጊዜ ወንጭፉን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። ለትንንሾቹ ሥራ ስጧቸው፦ አንዱ ደብተር ይያዝ፣ አንዱ ድምፅ ይቁጠር፣ አንዱ የወደቀ ላባና የዛፍ ቆባ ይሰብስብ። ጎጆ ውስጥ ግን እጅ አይገባም፣ ጫጩትም ወደ ቤት አይመጣም። መሬት ላይ የወደቀ ላባ ያወጣ ጫጩት ብዙውን ጊዜ መብረር እየተለማመደ ነው፤ እናቱ ቅርብ ናት። ከመንገድና ከድመት ብቻ አርቃችሁ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጡት።

ለደብተሩ ደግሞ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሰማዩ፣ ያያችሁት፣ የቆጠራችሁት ይበቃል። ስሙን የማታውቁት ወፍ ሲያጋጥም ሥሉት፤ ሥዕል ባትችሉም። ከገበሬ ማኅበሩ ወተትና እንጨት ይዘው የሚመጡትን፣ ግመል የሚነዱትን አዛውንቶች ጠይቁ። አባባ ብላችሁ፣ ሰላምታውን አስቀድማችሁ። ወፉ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ የቱ ዛፍ ላይ እንደሚያድር ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

9. በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ደንገጎ ውጡ

መንገዳችሁን አትቀይሩ ያልኩት ቃሌ እንዳለ ነው፤ ይህ ለማነጻጸር ነው። ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ግራሩ በቁልቋል ይተካል፣ አየሩም ይለወጣል። ገደሉ ላይ ዝንጀሮ አለ። ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጋሜ የለበሰ፣ ፊቱና መቀመጫው የቀላ፤ ሴቶቹ ቡናማና ትንንሽ። እያንዳንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ከነልጆቻቸው ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ግን ብዙ ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት በ1 ሰዓት አካባቢ ከገደሉ ሲወርዱ ነው ማየት። አለቱ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከላዩ ጭራው አጭር ጥቁር ቁራ በነፋሱ ይጫወታል።

ዳቦም ሙዝም አትወርውሩላቸው። የሚመግቧቸው ተሳፋሪዎች መንገድ ዳር መቀመጥ አስተምረዋቸው መኪና ይገጫቸዋል፤ የለመዱትም ከልጅ እጅ መንጠቅ ይጀምራሉ። ከሃያ ሠላሳ ሜትር ራቁ፣ ወንዱን ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ ግልገል ካለ በመሐል አትግቡ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ከመጠምዘዣ የራቀና ሰፊ ይሁን። ከሐረር የሚወርደው ሚኒባስ ሞልቶ ሊያልፋችሁ ስለሚችል፣ ከሹፌሩ ጋር የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም አራት አምስት ሆናችሁ ለግማሽ ቀን መኪና ተከራዩ፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ድሬ ትገባላችሁ።